«ደጉ» እጢ ሲበተን

እናት ወይም አክስት ከሐኪም ቤት ስትመለስ ቤተሰቡ ዙሪያዋን ይከባታል። «ምን አሉሽ?» «ማዮማ ነው አሉኝ፤ ካንሰር አይደለም።» «እሰይ፣ ተመስገን!» ይባላል፣ ቡና ይፈላል፣ ጭንቀቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ይህን ነገር ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ ውስጥ አይታችሁት ይሆናል።

እፎይታው ተገቢ ነው። ማዮማ አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት የሚያሳጣ በሽታ አይደለም። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ ይዘን ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። «ካንሰር አይደለም» የተባለ እጢ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ከወጣ በኋላ ሌላ ቦታ ሊበቅል ይችላል እንዴ? ለምሳሌ ሆድ ውስጥ? ወይም ሳንባ ውስጥ?

መልሱ «አዎ፣ አልፎ አልፎ ይችላል» ነው። ሐኪሞች ይህን በደንብ ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል፤ በመጨረሻም አንድ የተመሰገነ መሣሪያ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ አድርሷቸዋል። ከዚህ በታች የምታገኟቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደግ እና ክፉ

መጀመሪያ ቃላቱን እንይ። ሐኪሞች ካንሰር ያልሆነውን እጢ «ቢናይን»፣ ካንሰሩን ደግሞ «ማሊግናንት» ይሉታል። ሁለቱም ከላቲን የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው «ደግ»፣ ሁለተኛው «ክፉ» እንደማለት ነው። አያችሁ፣ እጢን እንደ ሰው ጠባይ ሰጥተውታል ማለት ነው።

ታዲያ አንድ እጢ ደግ ወይም ክፉ መሆኑን ማን ይወስናል? ፓቶሎጂስቱ ነው። ከእጢው ላይ ስስ ቁራጭ ወስዶ፣ ቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ማዮማን የመሰለ የጡንቻ እጢ ሲሆን በተለይ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። ሴሎቹ ምን ያህል እየተባዙ ነው? የሴሎቹ ኒውክለስ መልኩ የተዛባ ነው ወይ? በእጢው መሀል የሞተ ሥጋ አለ ወይ? እነዚህ ከሌሉ እጢው ደግ ነው ይባላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ምርመራ ሴሉ ምን እንደሚመስል ይናገራል። ያ ሴል ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ቢወድቅ ምን እንደሚያደርግ ግን አልተጠየቀም። የታሪካችን ቁልፍ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ማዮማ ማለት ከማህፀን ግድግዳ ጡንቻ የሚበቅል እጢ ነው። አንዳንዱ የምስር ፍሬ ያህል ነው፣ አንዳንዱ የልጅ ጭንቅላት ያህላል፤ አንድ ማህፀን ውስጥ አንድም ብዙም ሊኖር ይችላል። በጣም የተለመደም ነው። በ2003 በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በአልትራሳውንድ የተደረገ ጥናት፣ 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጭ ሴቶች ደግሞ ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት ማዮማ እንደሚኖራቸው ገምቷል። ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። የሚያስቸግራቸው ግን ብዙ ደም ይፈሳቸዋል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ወይም መውለድ ይከብዳቸዋል። ያኔ ነው ኦፕራሲዮን የሚነሳው።

ከጠረጴዛው ላይ ያልተነሳችው ሴት

ሆድ ከፍቶ እጢ ማውጣት እንዴት ተጀመረ? ታኅሣሥ 1809፣ የፈረንጆች ገና ዕለት፣ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ግዛት፣ ዳንቪል የምትባል ትንሽ ከተማ። ኤፍሬም ማክዶዌል የሚባል የገጠር ሐኪም ጄን ቶድ ክሮፎርድ የተባለችን የ46 ዓመት ሴት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስተኛት። ሴትዮዋ እርጉዝ ናት ተብላ ነበር፤ እሱ ግን መርምሮ እጢ መሆኑን ነግሯታል። እሷም ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በፈረስ ተጉዛ መጥታለች።

ማደንዘዣ የለም፤ ኤተር በይፋ የታየው በ1846 ነው። ኦፕራሲዮኑ 25 ደቂቃ ፈጀ። እሷ በዚያ ሁሉ ሰዓት መዝሙረ ዳዊት ስትደግም ነበር ተብሎ ይተረካል።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ማክዶዌል ራሱ የጻፈው አንድ ዝርዝር ነው። እጢው የእንቁልጢ፣ ማለትም የሴቷ እንቁላል የሚዘጋጅበት አካል እጢ ነበር። በጣም ትልቅ ስለሆነ ሙሉውን ማውጣት አልቻለም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀደደው፤ ከውስጡ ወደ 7 ኪሎ የሚጠጋ እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ፈሳሽ አወጣ፤ ከዚያ ከ3 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ከረጢቱን ጎትቶ አስወጣ። ሴትዮዋ በ25ኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ 78 ዓመት እስኪሆናት ድረስም ኖረች።

ማክዶዌል የገጠመው ችግር ግን አልሞተም፤ ዛሬም አለ። እጢው ትልቅ ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ ነው። ምን ይደረግ? ወይ ቀዳዳውን ታሰፋለህ፣ ወይ እጢውን ትቆራርጣለህ። እሷ ዕድለኛ ሆነች እንጂ፣ እጢን ሆድ ውስጥ መቅደድ የራሱ ዋጋ እንዳለው ከጊዜ በኋላ ታየ።

የሸሹ እጢዎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓቶሎጂስቶች ግራ የሚያጋቡ ነገሮችን ማየት ጀመሩ። በ1896 ቢርሽ-ሂርሽፌልድ የተባለ ጀርመናዊ፣ ደግ የሚመስል የማህፀን ጡንቻ እጢ በደም መልስ ሥር ውስጥ እንደ ትል እየተሳበ ሲያድግ ገለጸ። በ1907 ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ዱርክ፣ እንዲህ ያለው እጢ እስከ ልብ ድረስ መዝለቁን ጻፈ። እስቲ አስቡት! ከማህፀን ተነስቶ ልብ!

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1909፣ ኬሊ እና ከለን የተባሉ የባልቲሞር ሐኪሞች ስለ ማዮማ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። እዚያ ውስጥ «ጥገኛ ማዮማ» የሚባለው ነገር ተገልጿል። ይህ ከማህፀን ጋር የነበረው ግንኙነት ተቆርጦ፣ በሆድ ውስጥ ካሉት ሌሎች አካላት ደም እየሳበ የሚኖር ማዮማ ነው። ልክ ዛፍ ላይ እንደሚበቅል ጥገኛ ተክል፣ በሰው ሥር ይኖራል።

በ1939 ደግሞ አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ፖል ስታይነር ሳንባዋ በእጢ የተሞላና በዚያው ሰበብ የሞተች ሴት ጉዳይ አሳተመ። እጢዎቹን በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው የማህፀን ማዮማ ይመስላሉ። አንድም የክፋት ምልክት የላቸውም። ስሙ ራሱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆነ፤ «የሚሰራጭ ደግ ማዮማ» ተባለ። ከዚያ በኋላ በተመዘገቡት ሴቶች ላይ አንድ ነገር ይደጋገም ጀመር። አብዛኞቹ ከዓመታት በፊት፣ አንዳንዴም ከ10 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ለማዮማ ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሱ ነው ሳንባቸው ላይ ክብ ክብ ጥላ የሚታየው።

ልጅ ነው ወይስ ጎረቤት?

እዚህ ላይ ጠያቂ አእምሮ ያለው ሰው እንዲህ ይላል። «ቆይ፣ የሳንባው እጢ ከማህፀን መምጣቱን በምን አወቃችሁ? ምናልባት ሳንባው ራሱ ያበቀለው ይሆናል።»

ግሩም ጥያቄ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? በዚህ ጉዳይ ሐኪሞች ከዚህ በፊት ተሳስተው ያውቃሉ። በ1884 ቬርት የተባለ ጀርመናዊ ሆድን በሙጫ መሰል ፈሳሽ የሚሞላ በሽታ ገልጾ ከእንቁልጢ እጢ ጋር አያያዘው። ለመቶ ዓመት ያህል ብዙዎች ጥፋተኛዋ እንቁልጢ ናት ሲሉ ኖሩ። በ1990ዎቹ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን አብዛኛው የሚነሳው ከትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ። እንቁልጢ ራሷ የተበተነባት እንጂ የበተነች አልነበረችም። ስለዚህ ልጅን ከጎረቤት መለየት ያስፈልጋል።

ለማዮማ መልስ የሰጠው የሴቶች ክሮሞሶም ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም አላት፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። በ1961 እንግሊዛዊቷ ሜሪ ላየን፣ ገና ፅንስ ሳለን በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ከሁለቱ አንዱ በዕጣ እንደሚዘጋ ሐሳብ አቀረበች። ከዚያ ሴል የሚወለዱት ሁሉ ያንኑ እንደዘጉ ይቀራሉ። በመሆኑም የሴት አካል እንደ ዥጉርጉር ጨርቅ ነው፤ እዚህ የአባቷ ኤክስ ይሠራል፣ እዚያ የእናቷ።

በ1965 ሊንደር እና ጋርትለር ይህን ብልሃት ማዮማ ላይ ተጠቀሙበት። ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያለ መመሪያ የሚሠራውን አንድ ኢንዛይም መረጡ። አንዳንድ ሴቶች ከአንዱ ወላጅ «ሀ» ዓይነቱን፣ ከሌላው «ለ» ዓይነቱን ይወርሳሉ። የእነዚህ ሴቶች ጤነኛ የማህፀን ጡንቻ ሲመረመር ሁለቱም ዓይነት ተቀላቅሎ ተገኘ። ማዮማው ግን? አንዱ ማዮማ «ሀ» ብቻ፣ ሌላው «ለ» ብቻ! ይህ ማለት እያንዳንዱ ማዮማ፣ ምንም ያህል ቢተልቅ፣ ከአንድ ሴል የተወለደ ነው።

አሁን ወደ ሳንባው እንመለስ። አንዲት ሴት ሳንባ ላይ ብዙ እጢ አለ እንበል። እያንዳንዱ በየራሱ በቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ግማሹ የአባት ኤክስ፣ ግማሹ የእናት ኤክስ መዝጋት ነበረበት። በ2006 የታተመ ጥናት ግን የሳንባዎቹና የማህፀኑ እጢዎች አንድ ዓይነት ንድፍ እንዳላቸው አሳየ። ሳንቲሙ ሁሌ በአንድ ጎኑ ወደቀ ማለት ነው። ጎረቤት ሳይሆን ልጅ ነው!

ትንሽ ቀዳዳ፣ የሚሽከረከር ቢላዋ

በዚህ መሀል የኦፕራሲዮን ክፍሉ ተለውጧል። ኩርት ዜም የተባለ ጀርመናዊ የማህፀን ሐኪም በኪል ከተማ፣ ሆድን በሰፊው ሳይከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ እያስገባ ይሠራ ነበር። በ1980 በዚሁ ዘዴ ትርፍ አንጀት ሲያወጣ የሥራ ባልደረቦቹ ክፉኛ ተቃወሙት። ዛሬ ግን ላፓራስኮፒ የማይሠራበት ትልቅ ሆስፒታል የለም ማለት ይቻላል። ሕመሙ ያነሰ ነው፣ ደም መፍሰሱም እንዲሁ፤ ታካሚዋ ቶሎ ቤቷ ትገባለች።

የማክዶዌል ጥያቄ ግን ተመልሶ መጣ። የብርቱካን ያህል ማዮማ በጣት በምታህል ቀዳዳ እንዴት ይወጣል? መልሱ ሞርሴሌተር የሚባል መሣሪያ ሆነ። ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ስለት ያለው ቱቦ ነው። ሐኪሙ ማዮማውን ይዞ ወደ ቱቦው ይጎትተዋል፤ ስለቱም እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየላጠ በረዥሙ ያወጣዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት በ1993 በሕክምና መጽሔት ላይ ቀረበ፤ በ1995 ደግሞ ኤፍዲኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ እንዲሸጥ ፈቀደ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቱቦው የማይውጠው ፍርፋሪ አለ። ስለቱ ሲሽከረከር ቁርጥራጩ ወዲያና ወዲህ ይረጫል። ሐኪሙ የሚያየውን ይለቅማል፣ ሆዱንም ያጥባል። ግን ጤፍ ምንጣፍ ላይ ደፍታችሁ ታውቃላችሁ? ለቅሜ ጨረስኩ ካላችሁ ከሳምንት በኋላም አንድ ፍሬ አይጠፋም።

በ1997 አንድ ሪፖርት ወጣ። በላፓራስኮፒ ከወጣ ማዮማ የቀረች ቅንጣት፣ መሣሪያው የገባበት የሆድ ቁስል ላይ በቅላ ተገኘች። ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ሪፖርቶች ተከታተሉ፤ አንጀት ላይ፣ የሆድ ሽፋን ላይ፣ ዳሌ ውስጥ። ኬሊ እና ከለን በ1909 የገለጹት ጥገኛ ማዮማ ሰው ሠራሽ ሆኖ ተመለሰ።

ለምን ይበቅላል? የማዮማ ሴል ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን በሚባሉት የሴት ሆርሞኖች ይመገባል ቢባል ይቀላል። ሆርሞኖቹ በደም አማካይነት የትም ይደርሳሉ። የወደቀው ቅንጣት አዲስ የደም ሥር ካገኘ፣ ምግብም ሆርሞንም አገኘ ማለት ነው። ጠባዩን መለወጥ አያስፈልገውም፤ ያው ደግ ሴል ሆኖ፣ ያው በዝግታ እያደገ፣ በሌላ ሰፈር ይኖራል። ለዚህ ነው ሴቲቱ ስታርጥ ወይም ሆርሞኑን የሚቀንስ መድኃኒት ስትወስድ ብዙ ጊዜ የሳንባውም የሆዱም እጢ የሚከስመው። እውነተኛ ካንሰር እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም።

ቁጥሩም መነገር አለበት። ማዮማቸው ያለ ከረጢት በሞርሴሌተር ከወጣላቸው ሴቶች ጥገኛ ማዮማ የሚያጋጥማቸው ከ100 አንድ እንኳ አይሞሉም። አብዛኛው ፍርፋሪ ደም አጥቶ ይሞታል።

2014፦ የተሳሳተው ግምት

እስከዚህ ድረስ ነገሩ «አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ጣጣ» ነበር። በ2013 ግን ኤሚ ሪድ የተባለች አሜሪካዊት የማደንዘዣ ሐኪም፣ የስድስት ልጆች እናት፣ ለማዮማ ተብሎ ማህፀኗ በሞርሴሌተር ወጣ። ከዚያ የፓቶሎጂ ውጤት መጣ። ደግ የተባለው እጢ ውስጥ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ተደብቆ ኖሯል። መሣሪያው ደግሞ ሆዷ ውስጥ በትኖታል።

ልዩነቱን ያዙልኝ። ይህ የደግ እጢ ታሪክ አይደለም፤ ደግ የመሰለ ክፉ ነው። ነገር ግን ሜካኒኩ አንድ ነው። ጤፍ የበተነ እጅ እንክርዳድም ይበትናል። ማዮማና ሳርኮማ ደግሞ ከኦፕራሲዮን በፊት በአልትራሳውንድም ሆነ በኤምአርአይ በእርግጠኝነት አይለዩም።

ሪድና ባለቤቷ ዝም አላሉም። በአደባባይ ተከራከሩ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ባለሥልጣናትን አስጨነቁ። በሚያዝያ 2014 ኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ማዮማ ነው ተብለው ኦፕራሲዮን ከሚደረጉ ሴቶች ከ350 አንዷ የተደበቀ ሳርኮማ ሊኖርባት እንደሚችል ገመተ። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪሞች ለታካሚዎቻቸው የሚናገሩት ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። በሐምሌ ወር ትልቁ አምራች፣ ጆንሰን እና ጆንሰን፣ መሣሪያውን ከገበያ ሰበሰበ። በኅዳር ኤፍዲኤ ከበድ ያለውን ማስጠንቀቂያ ጨመረ።

ሁሉም አልተስማማም። ከ350 አንድ የሚለው ተጋኗል ያሉ ነበሩ። ሴቶችን ወደ ሰፊው ኦፕራሲዮን መመለስ የራሱ አደጋ አለው፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን አለ ያሉም ነበሩ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፤ ከእሱ ውስጥ አንድ ቀላል ሐሳብ ጎልቶ ወጣ። ከረጢት! ማዮማውን መጀመሪያ ሆድ ውስጥ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ፣ አፉን አጥብቆ፣ እዚያው ውስጥ መቁረጥ። በ2016 ኤፍዲኤ ለዚህ የተሠራ የመጀመሪያውን ከረጢት ፈቀደ፤ በ2020 ደግሞ ሞርሴሌተር የሚጠቀም ሐኪም በከረጢት ብቻ፣ ለእሱም በሚመቹ ታካሚዎች ላይ ብቻ እንዲጠቀም አሳሰበ። ኤሚ ሪድ ግን ይህን አላየችም። በግንቦት 2017 አረፈች።

ምን እንያዝ?

እናቶቻችሁን አታስፈራሩ። ማዮማ ያላት ሴት ሁሉ ኦፕራሲዮን አያስፈልጋትም፤ ከተደረገላቸውም አብዛኞቹ ድነው ይሄዳሉ። ሆኖም ከቤተሰባችሁ አንዷ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ከሆነ ጠይቁ። «እጢውን የምታወጡት እንዴት ነው? ሙሉውን ነው ወይስ ቆራርጣችሁ? ከተቆረጠ በከረጢት ውስጥ ነው?» ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። የፓቶሎጂ ውጤቱንም ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ከ10 ዓመት በኋላ ሳንባዋ ላይ ጥላ ቢታይ፣ ያ ወረቀት ሐኪሙን ከብዙ ድካም፣ እሷንም ከብዙ ፍርሃት ያድናል።

ከታሪኩ የምንወስደው ግን ከማዮማም ያልፋል። «ደግ» የሚለው ቃል ውሸት አልነበረም። ሴሉ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ በእርግጥም ደግ ነው። ስህተቱ የመጣው ስለ ሴሉ የተባለውን ስለ እጢው ጉዞም የተነገረ አድርገን ስንወስደው ነው። የሚጓዘው ነገር ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በማን እጅ እንደተያዘና የት እንደወደቀም መጠየቅ ነበረበት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ አባቶቻችን። ሐኪሞቹም በመጨረሻ የደረሱበት ይኸው ነው፤ ከመፍሰሱ በፊት ከረጢት አበጁለት።